የማን ልጅ ነህ? ስሙን የማይናገረው ቺፕ

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ «ሴንሰርስ» የምትለውን ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ጥቂት ቁጥሮችን ነው። ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ደረሰ? ፋኑ በደቂቃ ስንቴ ይዞራል? 12 ቮልት የተባለው መስመር እውነት 12 ነው? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ አንድም ሴንሰር እንዳላገኘ ይነግረውና የሚያስፈልጉትን የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ድራይቨሮች፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያነጋግሩ ፕሮግራሞችን ሁሉ መጫኑን እንዲያረጋግጥ ይመክረዋል። ምክሩ ጨዋ ነው። የሚያስፈልጉት የትኞቹ እንደሆኑ ግን መካሪውም አያውቅም።

ነገሩ መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ያው ኮምፒዩተር ማውስ ሲሰካበት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ ገና ሲገባ የአምራቹን ቁጥርና የራሱን ቁጥር ስለሚናገር ከርነሉ በዚያው ስም ድራይቨሩን ይጠራል። የፒሲአይ ካርዶችም እንዲሁ ናቸው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባሉ እስከ ቅድመ አያታቸው የሚቆጥሩ እንግዶች ማለት ነው። የሙቀት መለኪያው ቺፕ ግን ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት «አቤት» ከማለት በቀር ስሙን አይናገርም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀው የድራይቨር ፍለጋ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው።

ዝምታው የስንፍና ውጤት አልነበረም። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1982 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አይቱሲ የሚባለውን የመገናኛ መስመር ሲያወጣ ያሰበው እንደ ቴሌቪዥን ባለ ዕቃ ውስጥ ያሉ ቺፖች በሁለት ሽቦ ብቻ እንዲነጋገሩ ነበር። በአንዱ ሽቦ የጊዜ ምት ይመታል፤ በሌላው መረጃው ይሄዳል። እያንዳንዱ ቺፕ የቤት ቁጥር አለው። ዋናው ቺፕ ቁጥሩን ይጠራል፤ የተጠራው ሽቦውን ለአንድ ምት ያህል ዝቅ አድርጎ በመያዝ መኖሩን ያሳውቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንነትን መናገር በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም። ለምንስ ይጻፋል? ቴሌቪዥኑን የሠራው መሐንዲስ የትኛው ቺፕ በየትኛው ቁጥር እንደተበየደ ራሱ ያውቀዋል።

በ1995 ኢንቴል ከአይቱሲ የተወለደውን ኤስኤምባስ ለባትሪዎችና ለማዘርቦርዶች ሲያወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ማዘርቦርዱን የሚሠራው ታይዋን ውስጥ ያለ ፋብሪካ ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ደግሞ ፋብሪካውን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው። ቺፑን የበየደውና ቺፑን የሚያነጋግረው ተለያዩ። በመካከላቸው የቀረችው የቤት ቁጥር ብቻ ናት።

በዚያው ሰሞን ፕሮሰሰሮች መጋል ጀምረው ነበር። ቀደም ያሉት ያለ ፋን ይሠሩ እንዳልነበር፣ የፔንቲየም ዘመን ሲመጣ እያንዳንዱ ማሽን ራሱ ላይ የሚሽከረከር ፋን ተሸከመ። ፋን ደግሞ አቧራ የሚበላው፣ ዘይቱ የሚደርቅ፣ አንድ ቀን ድንገት የሚቆም ዕቃ ነው። ሲቆም የሚናገርለት ይፈልጋል። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለዚሁ ሁለት ቺፖችን አቀረበ። ትንሹ ኤልኤም75 ሙቀት ብቻ ይለካል፤ በግማሽ ዲግሪ እርከን። ትልቁ ኤልኤም78 ሰባት የቮልቴጅ መግቢያ፣ የሦስት ፋን መቁጠሪያና የራሱ የሙቀት መለኪያ ነበረው። የማዘርቦርድ ሠሪዎች ወደዱት። ተፎካካሪዎችም ተከተሉ፤ ዊንቦንድ ሥራውን እየገለበጠ አሻሽሎ የራሱን ቺፖች አወጣ፣ አይቲኢም የራሱን።

የሙቀቱ ቁጥር ጉዳይ ለተራው ሰው ግልጽ የሆነው በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ ባሠራጨው ቪዲዮ ነው። ጌም እያስኬዱ ከነበሩ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣው በድንገት ተነሣ። ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ጌሙን ቀጠለ፤ ፔንቲየም 3 ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ግን ተረፈ። የኤኤምዲ አትሎን ግን በሰከንዶች ውስጥ ጭሱን አወጣ። ከዚያ በኋላ የሙቀቱን ቁጥር ለማየት የማይጓጓ ኮምፒዩተር ገጣጣሚ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ለኤልኤም78 የመጀመሪያውን ድራይቨር ያገኘው ከአሌክሳንደር ላርሶን ነው። በ1998 ሥራውን ፍሮዶ ሎያርድና ፊሊፕ ኤደልብሮክ ተቀብለው አሰፉት፤ ኤልኤም-ሴንሰርስ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ዛሬ ከሚደግፋቸው ቺፖች አብዛኞቹ የናሽናል አይደሉም፤ ኩባንያው ራሱም በ2011 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተገዝቷል። «ኤልኤም» የምትለው ቅጽል ግን እንደ ቆየ የቤተሰብ ስም ቀረች።

ሁለቱ ሰዎችና ተባባሪዎቻቸው መጀመሪያ የተጋፈጡት ያው የስም ጥያቄ ነበር። መፍትሔያቸው «ሴንሰርስ-ዲቴክት» የሚባል በፐርል የተጻፈ ስክሪፕት ሆነ። ስክሪፕቱ በር በር እያንኳኳ የሚዞር ቆጣሪ ነው። በመስመሩ ላይ ያሉትን የቤት ቁጥሮች እየጠራ ማን «አለሁ» እንዳለ ይመዘግባል፤ ከዚያ የመለሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ግምቱ የሚቀለው ቺፑ ውስጥ የመታወቂያ ሬጅስተር (ቁጥር የሚቀመጥባት ትንሽ ሳጥን) ሲኖር ነው፤ ኤልኤም78 እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። ኤልኤም75 ግን ምንም የለውም። ስለዚህ በጠባዩ ይታወቃል። ያሉት አራት ሬጅስተሮች ብቻ ሆነው፣ ከሰባት በላይ ያለ ቁጥር ሲጠየቅ እንደ ክብ ጭፈራ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ያልተመደበ ሬጅስተር ሲጠየቅ ደግሞ ቀድሞ የተናገረውን ይደግማል። ስክሪፕቱ ይህን ልማድ አይቶ «ይህስ ኤልኤም75 ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሰውን በመልኩ ሳይሆን በሳሉ እንደ መለየት ነው። አንዳንዴም ይሳሳታል፤ ሌላ ቺፕ ያንኑ ሳል ሲስል።

ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆሞ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። የፈሪ ልማድ ይመስላል። ግን ምክንያት አለው።

አይቢኤም በ1990ዎቹ ማብቂያ ይሸጣቸው በነበሩ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ አትሜል የሠራው 24አርኤፍ08 የሚባል ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ነበር። የማሽኑ መለያ ቁጥርና የበላይ ተቆጣጣሪው የይለፍ ቃል የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ቺፕ የተቀመጠው ከሴንሰሮቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነው። ቆጣሪው በር እያንኳኳ ሲያልፍ፣ ሌሎች ቺፖች እንደ ተራ ጥሪ የሚቆጥሩትን አጭር ምልክት ይህኛው የመጻፍ ትእዛዝ መጀመሪያ አድርጎ ይወስደዋል፤ ለሌላው ጎረቤት የተነገረውን ቃል ለራሱ እንደተነገረ ቆጥሮ ውስጡን ያበላሻል። ባለቤቱ በዚያ ቀን ምንም አያይም። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው ግን ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው ፕሮግራም) የቺፑን ማረጋገጫ ድምር ይፈትሽና ትክክል አለመሆኑን አይቶ እምቢ ይላል። ሊኑክስም ዊንዶውስም አይነሣም። ሙቀቱን ለማየት የተነሣ ሰው ማዘርቦርድ መቀየር ገጠመው።

ጥፋቱ የማን ነው? የቺፑ አመል እንግዳ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጠያቂ ቢኖረውም እንኳ «አትንኩኝ» የሚልበት አንደበት በመስመሩ ደንብ ውስጥ አልነበረም። የኤልኤም-ሴንሰርስ ሠሪዎች መልስ ቁርጥ ያለ ነበር፦ ማሽኑ አይቢኤም ከሆነ መስመሩን የሚነዳው ድራይቨር ጭራሽ አይጫንም። በብዙ ሺህ ጤነኛ ላፕቶፕ ላይ ድራይቨር «የጠፋው» ሆን ተብሎ፣ ባለቤቱን ለማዳን ነው። ፍለጋ ላይ ለነበረ ሰው ግን ይህ አይታየውም፤ የሚያየው ባዶውን ብቻ ነው።

ቺፑ ተገኝቶ ድራይቨሩ ተጭኖም ችግሩ አያበቃም። ኤልኤም78 ከ4 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ መለካት አይችልም፤ እርከኑም 16 ሚሊቮልት ነው። 12 ቮልቱ ታዲያ እንዴት ይለካል? በሁለት ሬዚስተር ተከፍሎ ይገባል። የናሽናል ምክር ባለ 28 እና ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነበር፤ 12 ቮልቱ ለ3.8 ተካፍሎ ቺፑ ዘንድ ሲደርስ 3.16 አካባቢ ይሆናል። ሶፍትዌሩ መልሶ በ3.8 ያባዛዋል። ይህ የሚሠራው ግን ማዘርቦርድ ሠሪው ምክሩን ከሰማ ነው። በ28ቱ ፈንታ ባለ 30 ከበየደ ደህናው 12 ቮልት በስክሪን ላይ 11.4 ሆኖ ይታያል፤ የኃይል ማቅረቢያ ደረጃው ከሚፈቅደው 5 በመቶ ጉድለት ጠርዝ ላይ ማለት ነው። ስንቱ ሰው ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ጥሎ አዲስ ገዝቶ ይሆን? ለዚህ ሲባል የኤልኤም-ሴንሰርስ የማስተካከያ ፋይል በሬዚስተር ቀመር የተሞላ ሆነ፤ ሰዎችም የየማዘርቦርዳቸውን ቀመር እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር።

የፋኑ ቁጥር ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። ቺፑ ዙሮቹን ሳይሆን በሁለት ምት መካከል ያለውን ጊዜ ነው የሚቆጥረው። 1,350,000 በቆጠራውና በአካፋዩ ብዜት ሲካፈል የደቂቃው ዙር ይወጣል። መቁጠሪያው ከ255 አያልፍም። አካፋዩ 2 ከሆነ ከ2,650 ዙር ገደማ በታች የሚሽከረከር ፋን መቁጠሪያውን ሞልቶ ያፈሰውና ስክሪኑ ላይ 0 ይወጣል። ድምፅ እንዳይረብሸው ብሎ ትልቅ፣ ቀስ የሚል ፋን የገዛ ሰው ፋኑ በዓይኑ ፊት እየዞረ «ቆሟል» ይባላል። መድኃኒቱ አካፋዩን ወደ 8 ማሳደግ ነው፤ ያኔ እስከ 660 ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። ይህን የማያውቅ ሰው «ድራይቨር ጠፋ» ይላል፤ ድራይቨሩ ግን እዚያው አለ።

እስከ 2003 ድረስ እነዚህ ድራይቨሮች አብዛኞቹ ከከርነሉ ውጭ ነበሩ። ከርነል 2.4 የአይቱሲን መሠረት ይዞ ቢመጣም የሴንሰር ቺፖቹ ግን ለብቻ ወርደው፣ ከተጫነው ከርነል ጋር ተጣጥመው መጠናቀር ነበረባቸው። የሁለቱ ዕድሜ ካልገጠመ ሞጁሉ «የማላውቀው ስም አለብኝ» ብሎ እምቢ ይላል። ከርነል በታደሰ ቁጥር ሥራው እንደገና ይጀመራል። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ድራይቨሮቹን ወደ ከርነሉ የማስገባቱን ሥራ በ2.5 የሙከራ ዘመን ጀመረ፤ 2.6 በታኅሣሥ 2003 ሲወጣ ገሚሶቹ ገብተው ገሚሶቹ ገና ደጅ ነበሩ። ስለዚህ ወደ አዲሱ ከርነል የተሻገሩ ብዙዎች ትናንት የሚሠራ ሴንሰራቸውን ዛሬ አጡት። በ2005 የሴንሰር ድራይቨሮች ከአይቱሲ ማኅደር ወጥተው የራሳቸውን ጎጆ፣ «ሀዌሞን» የሚባለውን ክፍል አገኙ። ያን ጊዜ ሥራውን የሚመሩት እንደ ዣን ዴልቫር ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሙቀት በአንድ ዓይነት ፋይል፣ በዲግሪ ሺኛ ይጻፋል፤ 45000 የሚል ካዩ 45 ዲግሪ ነው። በ2007 የወጣው ኤልኤም-ሴንሰርስ 3 ይህን ተጠቅሞ እያንዳንዱን ቺፕ ለብቻ የማወቅን አስፈላጊነት አስቀረ። ድራይቨር ካለ ይነበባል።

ድራይቨር ካለ።

አንዳንዱ ማሽን ላይ መስመሩ ራሱ ተደብቆ ነበር። በአሱስ ፒ4ቢ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮሱ የኤስኤምባስን ተቆጣጣሪ ከፒሲአይ ዝርዝር ያጠፋዋል፤ ዕቃው አለ፣ ስሙ ግን ከመዝገብ ተፍቋል። የከርነሉ ሰዎች ኢንቴል ቺፕ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቢት ገልብጠው መልሰው የሚያወጡበት ኮድ ጻፉ። ዘዴው ስለ ተሳካ በቶሺባ ሳተላይት ኤ40 እና ቴክራ ኤም2 ላፕቶፖች ላይም ተሞከረ። እዚያ ግን የድብብቆሹ ምክንያት ተገኘ፦ የቶሺባ ባዮስ ራሱ፣ ከስርዓተ ክወናው ጀርባ ሆኖ፣ በዚያው መስመር ሙቀቱን ይቆጣጠር ነበር። ሁለት ነጂ አንድ መሪ ያዘ። ኮዱ ለቶሺባዎቹ ተነሣ፤ ለምን እንደተነሣ የሚናገረው ማስታወሻ ግን በከርነሉ ውስጥ ቀረ።

ይህ የሁለት ነጂ ጉዳይ ኋላ ትልቁ የራስ ምታት ሆነ። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በታኅሣሥ 1996 ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው ደንብ የማዘርቦርዱን ሠሪ የራሱን ትንሽ ፕሮግራም በባዮስ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ፈቀደለት፤ ከርነሉም ያንን ፕሮግራም ምን እንደያዘ ሳያውቅ ያስኬደዋል። ፕሮግራሙ የፋኑን ፍጥነት ለማየት ሴንሰሩን ያነጋግራል። የሴንሰሩ ቺፕ ደግሞ በሁለት በር ነው የሚናገረው፦ በአንዱ የሬጅስተሩ ቁጥር ይገባል፣ በሌላው ዋጋው ይወጣል ወይም ይገባል። የሊኑክስ ድራይቨር ቁጥሩን አስገብቶ ዋጋውን ሊጽፍ ሲል የኤሲፒአዩ ፕሮግራም በመሐል ገብቶ ሌላ ቁጥር ካስገባ፣ ለፋን የታሰበው ዋጋ ሌላ ሬጅስተር ላይ ያርፋል። ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት ፋኑ ይቆማል።

ስለዚህ በ2000ዎቹ ማብቂያ ከርነሉ ጠንከር ያለ ደንብ አወጣ፦ ኤሲፒአይ «የኔ ነው» ያለውን በር ሌላ ድራይቨር አይነካም። ድራይቨሩ ሲጫን የግጭት ማስጠንቀቂያ ወደ መዝገብ ይጻፍና ሥራው ይቋረጣል። ከዚህ በኋላ የተለመደው ምክር በማስነሻው መስመር ላይ ደንቡን የሚያላላ ቃል መጨመር ሆነ። ብዙዎች ጨመሩት፤ ሠራላቸውም። በተለይ ባዮሱ በሩን ቢያስመዘግብም ከቶ የማይጠቀምበት ማሽን ላይ ጉዳት የለውም። ግን ባለቤቱ ማሽኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ያውቃል? ይህን ሳያመዛዝኑ «ይኸን ጻፍና ይሠራልሃል» ማለት ለመካሪ ቀላል ነው።

የተሻለው መንገድ ባዮሱን ራሱን መጠየቅ ነበር። በ2009 ለአሱስ ማዘርቦርዶች የገባው ድራይቨር እንዲሁ አደረገ፤ ቺፑን ትቶ የኤሲፒአዩን ፕሮግራም «አንተ አንብበህ ንገረኝ» አለው።

ሠሪው ጭራሽ መናገር የማይፈልግበትም ጊዜ ነበር። አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ ለከፍተኛ ማዘርቦርዶቹ ዩጉሩ የሚባል መቆጣጠሪያ አቀረበ፤ ሰነዱን ግን ደበቀው። ኦሌ ሳንድበርግ ያለ ሰነድ፣ ቺፑ ለሚጠየቀው ሁሉ የሚሰጠውን መልስ እየተከታተለ ቋንቋውን ፈታው። ሃንስ ደ ጉደ ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ በ2006 ወደ ከርነሉ የገባውን ድራይቨር ጻፈ። ይህ የዚህ ሙያ ትልቁ ጀግንነት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ የማያውቁትን ቋንቋ ከተናጋሪው ጋር ሳይገናኙ፣ ከግድግዳ ጀርባ እየሰሙ መማር።

ዛሬ በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ ቮልቴጅንና ፋንን የሚለካው ሱፐር አይኦ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ድሮ የኪቦርድና የፕሪንተር መግቢያ ይቆጣጠር የነበረው ያው አሮጌ አገልጋይ። ከ2008 ጀምሮ የዊንቦንድን ውርስ የያዘው ኑቮቶን አንዱ ሠሪ ነው፤ አይቲኢ ሌላው። የኑቮቶኖቹን ድራይቨር የጻፈው ጉንተር ሮክ ነው፤ በ2013 ወደ ከርነሉ ገባ። የአይቲኢዎቹ ግን ከባድ ናቸው። አዳዲሶቹ ቺፖች ያለ ሰነድ ይመጣሉ፤ በከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር የማያውቀው ቁጥር ሲገጥመው «የማላውቀው ቺፕ» ብሎ ይመለሳል። ሰዎች የሚታወቅ ወንድሙን ቁጥር በግድ ሰጥተው እርሱን እንዲመስል ያደርጉታል። ሮክ ራሱ ከከርነሉ ውጭ ያስቀመጠው የሰፋ የአይቲኢ ድራይቨር ነበረ፤ አንድ ቀን አነሣው። ቅጂዎቹ በሌሎች እጅ እስከ ዛሬ ይንከራተታሉ።

ሙቀት መለኪያው ወደ ፕሮሰሰሩ ሆድ ሲገባ ጉዳዩ የሚቀል መስሎ ነበር፤ ፕሮሰሰር ማንነቱን ይናገራልና። በ2007 ለኢንቴል የገባው ኮርቴምፕ ድራይቨር በርግጥ ቺፑን ፈልጎ አይቸገርም። የኢንቴል ሴንሰር ግን ሙቀትን አይናገርም፤ «ከመጨረሻው ገደብ ይህን ያህል ቀርቶኛል» ነው የሚለው። ገደቡ ስንት ነው? የዴስክቶፕ ኮር 2 ባለቤቶች ይህን ቁጥር ለማግኘት ኢንቴል በ2008 ጉባኤው ላይ እስኪናገር ድረስ ጠበቁ። እስከዚያ ድረስ ድራይቨሩ 85 ወይም 100 እያለ ይገምት ነበር። ኤኤምዲም በ2017 ሬይዘን 1700ኤክስና 1800ኤክስን ሲያወጣ ሴንሰራቸው ከእውነቱ 20 ዲግሪ ከፍ አድርጎ እንዲናገር አድርጓል፤ ፋኖቹ ቀድመው እንዲነሡ። ያቺን 20 የሚቀንስ የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ወደ ድራይቨሩ የገባው ኋላ ነው።

በመጋቢት 2020 የወጣው ከርነል 5.6 ሁለት ደስታዎች ይዞ መጣ። አንዱ ድራይቭቴምፕ ነው፦ ከዚያ በፊት የሃርድ ዲስክን ሙቀት ለማየት የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚጠይቅ የተለየ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም ሴንሰር ተነበበ። ሌላው ደስታ የሬይዘን ቮልቴጅና ከረንት መታየት ነው። ይኼኛው ዕድሜው አጭር ሆነ። የንባቡ ዘዴ በሰነድ አልተገለጸም፣ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያል፣ ቁጥሩም አልተስተካከለም፤ አንዳንድ ሰው ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ አይቶ ድራይቨሩ ፕሮሰሰሬን አቃጠለብኝ ብሎ ሠጋ። ሮክ ዓመት ሳይሞላ በ2021 መጀመሪያ ሙሉውን አስወገደው። በዚያው ዓመት የኤኤምዲ የኃይል ፍጆታ ድራይቨርም ተከተለው፦ በኅዳር 2020 ተመራማሪዎች ከፕሮሰሰር የኃይል ንባብ ብቻ የምስጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል ፕላቲፐስ ባሉት ጥናት አሳይተው ነበር። ሴንሰር የማይመስል ነገር ወሬ አቀባይ ሆኖ ተገኘ። ተጠቃሚው ከርነሉን አድሶ ትናንት የነበረው መስመር ሲጠፋበት ግን የሚያስበው ያው የድሮውን ነው፦ ድራይቨሬ ጠፋ።

የኑቮቶንና የአሱስ ነገር ደግሞ በከርነሉ የስህተት መዝገብ ላይ 204807 በሚል ቁጥር ከ2019 ጀምሮ ተከምሯል። ቺፑ ኤንሲቲ6798ዲ ይባላል፤ ድራይቨር አለው፤ ነገር ግን ኤሲፒአይ በሩን ስለያዘ አይጫንም። ከብዙ ምልልስ በኋላ የአሱስ ባዮሶች ደብልዩኤምአይ በሚባል መገናኛ በኩል ሬጅስተሮቹን የሚያነብ በር እንዳላቸው ታወቀ፤ በጥር 2022 የወጣው ከርነል 5.16 በዚያ በር ገባ። ግን ሁሉም የአሱስ ማዘርቦርድ አይደለም። ይህ መንገድ የሚከፈተው ለተሞከሩት ብቻ ስለሆነ በድራይቨሩ ውስጥ የማዘርቦርዶች ስም ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ወዲህ እየረዘመ ሄደ። አዲስ ሞዴል የገዛ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በመዝገቡ የግጭቱን ማስጠንቀቂያ፣ በስክሪኑ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ እያየ ይቆያል።

አንድ የምሥራች አለ። በዲዲአር5 ራም ላይ የሚገኘው ቺፕ የሙቀት መለኪያ በውስጡ አለው፤ ድራይቨሩ በ2024 ወደ ከርነሉ ገብቷል። የዚህ ቺፕ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሬጅስተሮች ሲነበቡ 51 እና 18 ይላሉ፤ የቺፑ ስም ኤስፒዲ5118 ነው። ተጠይቆ ስሙን የሚናገር ሴንሰር።

የእነዚያ ቲንክፓዶች ማዘርቦርዶች ዛሬ አብዛኞቹ ብረታ ብረት ሆነው ሳይቀልጡ አልቀሩም። በከርነሉ የምንጭ ኮድ ውስጥ ግን የኢንቴልን አሮጌ ኤስኤምባስ ተቆጣጣሪ በሚነዳው ፋይል ላይ አጭር ዝርዝር አለች፤ የተጻፈባት አንድ ስም ብቻ ነው፦ አይቢኤም። ድራይቨሩ በተጫነ ቁጥር፣ መስመሩን ከመንካቱ በፊት፣ ማሽኑን ሠሪው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል። መልሱ አይቢኤም ከሆነ ይህ ሞጁል ማስታወሻ ቺፑን ሊያበላሽ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሳይጫን ይመለሳል።